ቤት ያለን ኮምፒውተር ከሩቅ ለመጠቀም፦ የቴይልስኬልና የሪሞት ዴስክቶፕ ግምገማ

ቤት ያለን ኮምፒውተር ከሌላ ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያስችሉ መንገዶች ብዙ ናቸው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከእነዚህ አንዱን፣ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የሚሠራውን መንገድ ነው። አንደኛው ቴይልስኬል የተባለው የግል ኔትወርክ መዘርጊያ አገልግሎት ሲሆን ሁለተኛው ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር የሚሰጠው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በእኛ አገር የኢንተርኔት አቅርቦት ሁኔታ ደኅንነትን ሳያጓድል የሚሠራ፣ ለግል ተጠቃሚም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከሶፍትዌሩ ውጭ ያሉ ጥቂት ጉዳዮች፣ በተለይም የመብራት ነገር፣ ከጉዞ በፊት ካልታሰበባቸው ሁሉም ዝግጅት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ስለነዚህም በዝርዝር እጽፋለሁ።

እኔ የምጠቀምበት ለሂሳብ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ ነጋዴዎች መዝገብ የሚይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ፒችትሪ ደግሞ መረጃውን የሚያስቀምጠው በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ባለሙያው ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሲሄድ የድርጅቱን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ በላፕቶፕ ቢሠራበት፣ ሲመለስ እርስ በርስ የማይገናዘቡ ሁለት መዝገቦች ይጠብቁታል፤ በአንደኛው የተመዘገበው ደረሰኝ በሌላኛው አይገኝም፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ቀን ሲደርስም የትኛውን ማመን እንዳለበት ለመለየት ሌሊቱን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። ኮምፒውተሩን ራሱን ከሩቅ መጠቀም ግን ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል፤ መዝገቡ አንድ ብቻ ነው፣ ካለበትም አይንቀሳቀስም፣ በኢንተርኔት የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርዱ ምት ብቻ ነው።

ከድሮ ጀምሮ በየመማሪያው የሚመከረው ዘዴ ራውተሩ ላይ አንድ ፖርት፣ ማለትም በቁጥር የሚታወቅ መግቢያ፣ ከፍቶ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ በቀጥታ ወደ ቤት ኮምፒውተር መምራት ነበር። ይህ ዘዴ የሚሠራው ቤታችን በኢንተርኔት ላይ የራሱ የሆነ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የሚለይበት ቁጥር፣ ሲኖረው ብቻ ነው። በአራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሥርዓት በጠቅላላው ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጉ ናቸው፤ የዓለም አቀፉ መጋዘን የመጨረሻ ክምችትም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ለየአህጉሩ ተከፋፍሎ አልቋል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ የቴሌኮም ድርጅቶች፣ በተለይም በሞባይል ኢንተርኔት ላይ፣ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ ማስቀመጥን ልማድ አድርገውታል። ብዙ ተከራዮች በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ሁሉም በአንዱ የውጭ በር እንደሚወጡና እንደሚገቡ ሁሉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ችግር የለውም፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን የግቢውን በር ቢያገኝ እንኳ የትኛውን ክፍል ማንኳኳት እንዳለበት የሚነግረው የለም። በዚህ ሁኔታ ራውተር ላይ ፖርት መክፈት ፋይዳ የለውም፤ ዋናው በር ያለው በእኛ እጅ ሳይሆን በድርጅቱ እጅ ነውና።

የራስን ሁኔታ ማወቅ ቀላል ነው። በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ የሚታየውን የውጭ አድራሻ፣ የአይፒ አድራሻዎን ከሚነግሩ ድረ ገጾች በአንዱ ላይ ከሚታየው ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም ራውተሩ የሚያሳየው አድራሻ በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ፣ አለዚያም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ ቤቱ ከጋራ አድራሻ ጀርባ ነው ማለት ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያላቸው አንባቢያን ይህን እንደሚያገኙ መገመት ይችላሉ።

የራስ አድራሻ ላለውም ሰው ቢሆን የሪሞት ዴስክቶፕን ፖርት፣ ማለትም 3389ን፣ ለዓለም ሁሉ መክፈት ከባድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ብሉኪፕ የሚል ስም የተሰጠው ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 ላቋረጠለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል፤ ክፍተቱ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን እንዲቆጣጠር የሚያስችል ነበርና። እንዲህ ያለ ክፍተት በሌለበት ጊዜም ቢሆን የይለፍ ቃል እየገመቱ ሌት ተቀን የሚያንኳኩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አይጠፉም። አንድ የማውቀው ነጋዴ ኮምፒውተር ላይ አንድ የጥገና ሱቅ ይህንኑ ፖርት ከፍቶለት ሄዶ ነበር፤ በዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ ውስጥ በቁጥር 4625 የሚመዘገበው ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ ገጽ በገጽ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት፣ የመጣባቸው አድራሻዎችም ከብዙ አገሮች ነበሩ። ፖርቱን ከመዝጋት በቀር መድኃኒት አልነበረውም። ቤዛ የሚጠይቁ ፋይል ቆላፊ ቫይረሶች ከሚገቡባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ክፍት የሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት መሆኑ በደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው።

ቴይልስኬል ይህን ሁሉ የሚያልፈው ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ጨርሶ ባለመጠበቅ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ የተመሠረተ ሲሆን፣ አገልግሎቱ የቆመው ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር የመዘርጊያ) ፕሮቶኮል ላይ ነው። ዋየርጋርድ በጥቂት መስመሮች የተጻፈና በገለልተኛ ባለሙያዎች የተመረመረ በመሆኑ አመኔታ አትርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሊኑክስ ወደተባለው ሥርዓተ ክወና እምብርት የገባውም ከዚህ የተነሣ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የቤቱ ኮምፒውተርና በእጃችን ያለው ላፕቶፕ ሁለቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥተው የድርጅቱን አስተባባሪ ሰርቨር ያነጋግራሉ፤ ሰርቨሩም የአንዱን አድራሻና መልእክት ለመመስጠር የሚያገለግለውን ይፋዊ ቁልፍ ለሌላው ያቀብላል። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንዱ ወደሌላው መልእክት ይልካሉ። በመካከል ያሉት ራውተሮች ከውስጥ ለወጣ መልእክት መልስ እንዲገባ ስለሚፈቅዱ፣ የሌላው ወገን መልእክት እንደ መልስ ተቆጥሮ ያልፋል፣ ግንኙነቱም በቀጥታ ይመሠረታል። ይህ በማይሳካበት ጊዜ መረጃው በድርጅቱ የመሸጋገሪያ ሰርቨር በኩል ይዞራል። ሰርቨሩ የሚያሸጋግረው የተመሰጠረ መረጃ ስለሆነና መክፈቻው ቁልፍ ከሁለቱ ኮምፒውተሮች ስለማይወጣ፣ በመካከል ያለ ማንም ይዘቱን ሊያነበው አይችልም።

አተካከሉ ቀላል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መተግበሪያውን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጭኖ በአንድ የጉግል፣ የማይክሮሶፍት ወይም የአፕል አካውንት መግባት ነው፤ እያንዳንዱም ኮምፒውተር በ100 የሚጀምር ቋሚ የግል አድራሻ ይሰጠዋል። ይህ አድራሻ ቤቱ ኢንተርኔት ቢቀይር፣ ራውተሩ ቢለወጥ፣ ላፕቶፑ ከሆቴል ዋይፋይ ወደ ስልክ ዳታ ቢዛወር አይለወጥም። ነገር ግን መተግበሪያው ሲጫን በራሱ የማያስተካክላቸው፣ ለመንገደኛ ግን ወሳኝ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ በዊንዶውስ ላይ ቴይልስኬል የሚሠራው ተጠቃሚው ገብቶ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሥቶ የመግቢያው ገጽ ላይ ቆሞ ከቀረ ግንኙነቱ የለም። ስለዚህ በመተግበሪያው ምርጫዎች ውስጥ፣ ተጠቃሚ ባይገባም እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፈቃድ በነባሪው ሁኔታ በ180 ቀናት ያበቃል፤ ሲያበቃም በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደገና መግባትን ይጠይቃል። ባለቤቱ ሩቅ አገር ባለበት ሰዓት ይህ ቢሆን ቤት ያለ ሰው ካልረዳው መግቢያ ያጣል። በድረ ገጹ ላይ ባለው የአስተዳዳሪ ገጽ ለቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ይህን የጊዜ ገደብ ማንሣት ይቻላል፤ ለላፕቶፑና ለስልኩ ግን ገደቡ እንዳለ ቢቆይ እመክራለሁ፣ የሚጠፉትም የሚሰረቁትም እነሱ ናቸውና።

መንገዱ ከተዘረጋ በኋላ በላዩ ላይ የሚሄደው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ ሆም የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ሌላውን ኮምፒውተር ለመጥራት እንጂ ለመጠራት አይችልም፣ ለዚህ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። በየገበያው የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ሆም የተጫነባቸው ስለሆኑ ከመጀመር በፊት የሲስተሙን ገጽ አይቶ ማረጋገጥ ይገባል። ሌላው፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምንገባበት ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ለሪሞት ዴስክቶፕ አይሠራም፤ የሚጠየቀው የአካውንቱ ሙሉ የይለፍ ቃል ነው። ለዓመታት በፒን ብቻ ሲገባ የኖረ ሰው የይለፍ ቃሉን ከመሄዱ በፊት ማስታወሱንና በኮምፒውተሩ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእሱ መግባቱን ያረጋግጥ።

በአጠቃቀም ረገድ ሪሞት ዴስክቶፕ በዚህ ሥራ ከሚወዳደሩት ሁሉ ይልቅ ያረካኛል። ከሩቅ ስገባ ቤት ያለው ስክሪን ተቆልፎ ስለሚቆይ የምሠራውን ሂሳብ በዚያ ክፍል ያለፈ ሰው አያየውም፤ ይህ የደንበኛን ምስጢር ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በላፕቶፑ የገለበጥኩትን ጽሑፍ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ማተሚያው ነው። በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሪፖርት እኔ ካለሁበት ቢሮ ማተሚያ ላይ ይወጣል፣ ደንበኛውም እዚያው ፈርሞ ይቀበላል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ የላፕቶፑን ኪቦርድ በእንግሊዝኛ ትቶ የአማርኛውን ኪቦርድ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ማብራት ይበጃል፤ ሁለቱም ላይ አማርኛ ከበራ ፊደሎቹ ይዘበራረቃሉ። በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ያሉትም ፎንቱ ላፕቶፑ ላይ ባይኖር አይጨነቅ፤ የሚታየው የቤቱ ኮምፒውተር ስክሪን ስለሆነ እዚያ ካለ ይበቃል።

ስለ ፍጥነቱ በሐቀኝነት ለመናገር፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ግንኙነቱ ቀጥተኛ በመሆኑና ባለመሆኑ ላይ ነው። ቀጥተኛ ሲሆን አዳማ ሆኖ አዲስ አበባ ያለን ፒችትሪ መጠቀም ኮምፒውተሩ ፊት የመቀመጥ ያህል ነው። በመሸጋገሪያ ሰርቨር በኩል ሲዞር ግን እያንዳንዱ የኪቦርድ ምት ከአገር ወጥቶ ስለሚመለስ፣ የጻፍነው ቁጥር ስክሪኑ ላይ እስኪታይ መዘግየቱ ይሰማል፤ ቁጥር ለማስገባት ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በየትኛው መንገድ እየሄደ እንደሆነ በትእዛዝ መስኮት ውስጥ የቴይልስኬልን የፒንግ ትእዛዝ በመስጠት ማወቅ ይቻላል፤ መልሱ በየትኛው መሸጋገሪያ በኩል እንደመጣ ወይም በቀጥታ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ወገኖች በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ሲሆኑ ቀጥታ ግንኙነት ለማግኘት ይከብዳል፤ ቢያንስ አንደኛው ወገን በመደበኛ መስመር ላይ ቢሆን ዕድሉ ይሰፋል። ግንኙነቱ ደካማ በሆነበት ቦታ በሪሞት ዴስክቶፕ የግንኙነት ምርጫዎች ውስጥ የጀርባ ሥዕሉን ማጥፋት፣ የቀለሙን ጥራት መቀነስና ድምፁን መዝጋት ዳታም ይቆጥባል፣ መዘግየቱንም ያቀላል። ቪዲዮ ለማየት ግን ይህን መንገድ ማንም አይሞክረው፤ ለዚያ አልተሠራም።

አሁን ከሶፍትዌሩ ውጭ ወዳለው ዋና ጉዳይ ልምጣ። መብራት ሲጠፋ የቤቱ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ ግን አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሰው እስኪጫናቸው ድረስ ጠፍተው ይቆያሉ። ባለቤቱ በሌላ ከተማ ካለ ሥራው ያን ጊዜ ያበቃል። መፍትሔው ማዘርቦርዱ ውስጥ፣ ባዮስ በሚባለው የማስተካከያ ገጽ ላይ ነው፤ ኃይል ከተቋረጠ በኋላ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ በብዙ ዴስክቶፖች ላይ ይገኛል፣ እሱንም በራሱ እንዲነሣ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ይነሣል፣ ቴይልስኬልም ከላይ ያልኩት ምርጫ ከበራ ሰው ሳይገባ ይገናኛል። ሃርድ ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ሲነሣ ፒን የሚጠይቅ ከሆነ ግን እዚያው ላይ ይቆማል፤ ይህን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ቤት ትቶ የሚሄድ ሰው ባትሪው ስላለው ለአጭር መቋረጥ አይጨነቅም፤ ይሁንና ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከልና ራውተሩ የራሱ ባትሪ እንደሌለው ማስታወስ አለበት። ለራውተር ብቻ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛት በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ ከወጣ ወጪ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። ዴስክቶፑንም በዩፒኤስ ላይ ማድረግ ለፒችትሪ መዝገብ ጤና ጭምር ነው፤ በጽሕፈት መካከል ኃይል ሲቋረጥ የመረጃ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላልና።

ኮምፒውተሩን ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው የማይፈልግ ሰው በኔትወርክ የማስነሣት ዘዴን ያስብ ይሆናል። ለተኛ ወይም ለጠፋ ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርዱን መለያ 16 ጊዜ ደጋግሞ የያዘ ልዩ መልእክት ሲላክለት ይነሣል። ይህ መልእክት ግን በዚያው ቤት ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሰራጭ ስለሆነ በቴይልስኬል በኩል ከሩቅ በቀጥታ መላክ አይቻልም፤ ሁልጊዜ በርቶ የሚቆይ ሌላ ትንሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ ራስቤሪ ፓይ የተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ቤት ውስጥ ኖሮ መልእክቱን እሱ እንዲልከው ማድረግ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰው ይህ ድካም አያስፈልገውም፤ ስክሪኑን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን ግን እንዳይተኛ አድርጎ መሄድ ይበቃል።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ በዊንዶውስ ሆም ላይም ስለሚሠራና ከጉግል አካውንትና ከፒን በቀር ምንም ስለማይጠይቅ፣ ፕሮ ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ የምንሠራው ሁሉ ቤት ባለው ስክሪን ላይ መታየቱ ግን ጉድለቱ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆኖ አዲስ አበባ ያሉ ወላጆቹን ኮምፒውተር ለሚያስተካክል ልጅ ደግሞ ከቴይልስኬል ይልቅ ይህ ይሻለዋል፤ እናት ወይም አባት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የቁጥር ኮድ በስልክ ያነቡለታል፣ ሥራው ሲያልቅ ግንኙነቱም ያበቃል። ኤኒዴስክና ቲምቪወር በአገራችን በሰፊው የታወቁ ናቸው፤ ይሁንና ኤኒዴስክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሰርቨሮቹ በሰርጎ ገቦች መነካታቸውን ራሱ አሳውቆ የደንበኞችን የድረ ገጽ የይለፍ ቃሎች ለመሰረዝ ተገዷል። በተጨማሪም በስልክ ደውለው የባንክ ወይም የቴክኖሎጂ ድርጅት ሠራተኛ ነን የሚሉ አጭበርባሪዎች በብዙ አገሮች ሰዎችን የሚያስጭኗቸው እነዚህኑ ፕሮግራሞች ስለሆነ፣ ወላጆች ልጃቸው ካልሆነ በቀር ለማንም ኮድ እንዳያነቡ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢያን ደግሞ ማንኛውንም ቪፒኤን ከመጫናቸው በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ቢያጣሩ መልካም ነው።

በቴይልስኬል ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛው ጥገኝነቱ ነው፤ በኮምፒውተራችን ላይ የሚጫነው መተግበሪያ አብዛኛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም አስተባባሪው ሰርቨር ግን የድርጅቱ ነው፣ ድርጅቱ የነጻውን አገልግሎት ደንብ ቢለውጥ ተጠቃሚው የሚለው የለም። ሄድስኬል የተባለ፣ ይህንኑ ሰርቨር በራስ ማሽን ላይ ለማቋቋም የሚያስችል ክፍት ሶፍትዌር አለ፤ እሱ ግን የሊኑክስ እውቀትና ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገኝ ሰርቨር ስለሚፈልግ ለብዙኃኑ ተጠቃሚ መልስ አይሆንም። ነጻው ደረጃ የታሰበው ለግል አገልግሎት በመሆኑም ብዙ ሠራተኞቹን ማገናኘት የሚፈልግ ድርጅት የሚከፈልበትን መውሰድ አለበት፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ይህ ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው።

ሁለተኛው፣ መላው ደኅንነት የሚያርፈው በምንገባበት የኢሜይል አካውንት ላይ መሆኑ ነው። ያን አካውንት የያዘ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ወደ ኔትወርካችን ማስገባት ይችላል። ስለዚህ አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት፣ የማረጋገጫውንም የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፎ ከስልኩ በተለየ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ስልኩ በጉዞ ላይ ቢጠፋ አካውንቱም ኔትወርኩም አብረው እንዳይዘጉ። በዊንዶውስ ፋየርዎል ውስጥ የሪሞት ዴስክቶፕን ፈቃድ ከ100.64.0.0 በሚጀምረውና እስከ 100.127 በሚደርሰው የቴይልስኬል ክልል ብቻ መገደብም ጠቃሚ ነው፤ እንዲህ ሲሆን በቤቱ ዋይፋይ የገባ እንግዳ እንኳ ሊሞክረው አይችልም። ላፕቶፑ ወይም ስልኩ ከተሰረቀ ከማንኛውም ብራውዘር ወደ አስተዳዳሪው ገጽ ገብቶ ያንን ዕቃ ከዝርዝሩ መሰረዝ ወዲያው መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ የዊንዶውሱን የይለፍ ቃል መቀየር ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ሙከራው መደረግ ያለበት ከቤት ዋይፋይ ሆኖ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች መገናኘታቸው ስለ ጉዞው ምንም አያረጋግጥም። ላፕቶፑን ከስልክ ዳታ ጋር አገናኝቶ መግባት፣ ከዚያ የቤቱን ኮምፒውተር ከሶኬቱ ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መልሶ በመሰካት ማንም ሳይነካው ተነሥቶ እንደገና መገናኘቱን ማየት ያስፈልጋል። ነቀላው ግን ፒችትሪም ሆነ ሌላ ፋይል ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ይሁን።